የካልሲዋ ጓደኛ

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በቤተሰባችን ግሩፕ ውስጥ ስቲከር ነኝ። አፌን ከፍቼ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ፣ አንገቴን አስግጌ ሰው ፊት ላይ አፍጥጫለሁ። «እሺ» ብሎ መጻፍ የሰነፈ ሁሉ እኔን ይልካል። እናቴ ሳትቀር ልካኛለች። ለእኔው።

ነገሩ የጀመረው «ካርቱን» በምትለዋ ቃል ነው። ታላቅ እህቴ አኒሜን፣ ማለትም የጃፓኖቹን አኒሜሽን፣ ካርቱን ትላለች። «ዛሬም ካርቱንህን ይዘህ ተቀመጥክ?» ስትለኝ ደሜ ይፈላል። ተከራክሬ አሸንፌያት ስለማላውቅ በማስረጃ ልመጣባት ወሰንኩ። «አታክ ኦን ታይታን» የሚባለውን አኒሜ ከ1ኛው ክፍል አስጀመርኳት። ዓላማዬ 31ኛው ክፍል ነበር፤ ሲዝን 2፣ ክፍል 6።

ያያችሁት አሁን ፈገግ ብላችኋል። ላላያችሁት ስም አልጠራም። ሰዎቹን ከጭራቆች የሚጠብቀውን ግንብ ያፈረሱት እነማን ናቸው እያልን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ስንብሰለሰል እንቆያለን። ከዚያ አንድ ቀን፣ እዚያው ግንብ አናት ላይ፣ አንዱ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ «እኛ ነን» ይላል። በቃ። ከበሮ የለም፣ መብረቅ የለም። ካሜራው እንኳ ጠጋ አይለውም፤ ሌሎቹ የራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ። ሌላ ተከታታይ ቢሆን ሙዚቃው ቀድሞ «ተዘጋጁ፣ ልትደነግጡ ነው» ይለን ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ሦስቴ ወደ ኋላ መለስኩት። የትርጉም ጽሑፉ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ 30 ክፍል፣ እያንዳንዱ 24 ደቂቃ ገደማ፣ ሲደመር 12 ሰዓት። ለአንዲት ደቂቃ ስል ሴትዮዋን 12 ሰዓት አበሰልኳት። ያ ሰው በታየ ቁጥር ወሬ ለመሳብ ያህል «እሱስ እንዴት ነው?» እላለሁ። «ደህና ልጅ ይመስላል፣ ትከሻውም ሰፊ ነው» ትላለች። ሆዴ በደስታ ይንፈራፈራል።

ሰው ሲደነግጥ ማየት ሱስ እንደሚሆን የተማርኩት «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ከሚባለው ተከታታይ ድራማ ነው። ያ ቀዩ ሠርግ የሚባለው፣ ሠርገኛው ሳይታሰብ የሚታረድበት ክፍል በ2013 እ.ኤ.አ. ሲተላለፍ ታሪኩ የተወሰደበት መጽሐፍ ከወጣ 13 ዓመቱ ነበር። አንባቢዎቹ ጉዱን ያውቃሉ። ጓደኞቻቸውን ሶፋ ላይ አስቀምጠው፣ ስልካቸውን ደብቀው ጩኸታቸውን ቀረጹ። እኔም ስልኬን መደርደሪያው ላይ አቆምኩ። ያላሰብኩት ነገር፣ ካሜራው እኔንም ጨምሮ ይዟል።

እህቴ እጇ ባዶ ከሆነ ቲቪ ማየት አትችልም። ያን ቀን የታጠበ ልብስ ከምራ ካልሲ ታጣምር ነበር። እየተነበበ የሚታይ ነገር ላይ ካልሲ እንደማይጣመር ማን ይንገራት? እኔ አልነገርኳትም፤ እንዳትጠረጥር።

ሰውየው አፉን ከፈተ። እኔ ቲቪውን ትቼ ፊቷ ላይ አፈጠጥኩ። ግንባሯን ቋጠር አደረገች። መጣ! አንዲት ግራጫ ካልሲ ወደ ላይ አነሳች።

«የዚህችስ ጓደኛ የት ገባች?»

ሁለት ሌሊት ስለዚህች ካልሲ አስቤያለሁ። ግራጫ ናት፣ ተረከዟ ቢጫ ነው። ሲዝን 1 አልቆ ሲዝን 2 እስኪመጣ 3 ዓመት ተኩል ጠብቀናል። በዚያች አንዲት ደቂቃ ስንት ሰዓሊ ዓይኑን አጥፍቶባታል፣ ስንት ተዋናይ ድምፁን ሰጥቶባታል። በታሪኩ ውስጥ ግንቡ 50 ሜትር ነው፤ ከግንቡ በላይ አንገቱን ብቅ የሚያደርገው ጭራቅ ደግሞ 60 ሜትር። ያ ሁሉ ቁመት በአንዲት የእግር ካልሲ ተሸነፈ። ያውም በቀኟ ይሁን በግራዋ በማይታወቅ።

«አልሰማሽም?» አልኳት።

«ምኑን? ያወራሉ እኮ። አንተ ግን ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታየኝ? ፊቴ ላይ ነገር አለ?»

ልጇ ከጥግ ሆና «አጎቴ ካርቱኑን ፈርቶ ነው» አለች።

ወደ ኋላ ልመልሰው ብላት «ንገረኝና ይለቅ» አለችኝ። ነገርኳት። 12 ሰዓት ያበሰልኩትን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

«እኔ እኮ ድሮም አላመንኩትም።»

ትከሻውስ? ያ ሰፊ ትከሻ የት ሄደ? ምንም አላልኩም። ተነሥቼ ቀረጻውን አጠፋሁና ተመልሼ ዘፍ አልኩ። ልጅቷ ስልኬን «ልየው?» ብላ ተቀበለችኝ። ስቲከሩ ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ክፍሉ ሲያልቅ አፑ ምስሉን ቴምብር አሳክሎ ጥግ ያስይዘውና «ቀጣዩ ክፍል በ5 ሰከንድ» ይላል። ማን አስቸኮለህ? «ፉልሜታል አልኬሚስት፡ ብራዘርሁድ» የሚባል ሌላ አኒሜ ላይ አንድ መኮንን የጓደኛው መቃብር ፊት ቆሞ፣ ሰማዩ ወለል ብሎ ሳለ፣ «ዝናብ መጣ» ይላል። አብራው ያለችው ወታደር «ኧረ አልዘነበም» ትለዋለች። ጉንጩን ስታይ ግን «አዎ፣ ዘንቧል» ብላ ትስማማለታለች። ይህን አይተህ በ5 ሰከንድ ወዴት ትሄዳለህ? የ«አታክ ኦን ታይታን» የ2023ቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሠራተኞቹ ስም እያለፈ ታሪኩ ይቀጥላል። በዚያ ቴምብር ያየው ሰው ምን አየ ይባላል?

ያን ቀንም ቆጠራው ጀመረ። 5፣ 4... ሪሞቱን ልይዝ ብድግ አልኩ።

እህቴ ጮኸች። በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ዓይኗ ፈጠጠ፣ ትንፋሿ ቆመ። 12 ሰዓት የጠበቅኩት ፊት ይኸው፣ አንድ ነገር ሳይጎድለው።

«አንተ! ተቀምጠህባት ነው እንዴ?»

ሱሪዬ ላይ ተለጥፋለች። ግራጫ፣ ተረከዟ ቢጫ። ለካ እስከዚያ ድረስ ከመካከላችን ነበረች።

ይህንን ግን የቀረጸ የለም።