እሺ፣ ፈርምልኝ

ቀይ እስክሪብቶ እወድ ነበር። የመድን ድርጅት ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ክፍል ስመደብ ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ መሳቢያው ውስጥ ሦስት ትቶልኝ ሄዷል። ከጋራዥ በሚመጣ የዋጋ ዝርዝር ላይ ሁለት ሦስት መስመር ሳልሰርዝ ካሳለፍኩ ደመወዜን ያልሠራሁበት ይመስለኝ ነበር።

የመስታወት ፋይል ደግሞ ቀላል ፋይል ነው። ሰው አልተጎዳ፣ ጥፋተኛ የለ፣ ምስክር አያስፈልግ። ጠጠር ተፈናጠረ፣ መስታወት ተሰነጠቀ፣ በቃ። የምጠረጥረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለንብረቱ «የፊት መስታወቴ ፍርፋሪ ሆኖ ተበተነ» ብሎ ከጻፈ ስልኩን አነሳለሁ። እንደዚያ የሚበተነው የጎን መስታወት ነው። የፊቱ ሁለት መስታወት በመሃል በስስ ፕላስቲክ ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ የሸረሪት ድር መስሎ ይቀራል እንጂ አይረግፍም። ነገሩ የተገኘውም በአደጋ ነው። በ1903 እ.ኤ.አ. ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ብልቃጥ ወደቀበት። ብልቃጡ ተሰነጣጠቀ፣ ግን አልተበተነም። ውስጡ የደረቀ ኬሚካል ስስ ሽፋን ሠርቶ ይዞታል። ፎርሙ የእኔ ጠረጴዛ ቢደርስ «ጉዳት አልደረሰም» ብዬ እመልሰው ነበር።

የምነግራችሁ ፋይል የጀመረችው የፊት መስታወት ላይ ሳንቲም በማታክል ነጥብ ነው። ደንበኛዋ በጊዜ መጥታለች። ነጥቧ ሬዚን የሚባል ፈሳሽ ሙጫ ቢሞላባት እዚያው ትቆማለች ብለዋት ነበር። እውነት ነው፤ ትንሽ ከሆነች፣ ከጠርዝ ከራቀችና ከሾፌሩ ዓይን ፊት ካልሆነች ትቆማለች። ችግሩ የሙሌቱ ዋጋ ከኤክሰሱ በታች መሆኑ ነው። ከኤክሰስ በታች የሆነውን ባለንብረት ከኪሱ ይሸፍናል።

«ትንሽ ሲሆን እኔ፣ ትልቅ ሲሆን እናንተ?» አለችኝ።

«ውሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ትልቅ እስኪሆን ልጠብቅ?»

እንዲህ አድርጊ አይባልም። አታድርጊም አላልኳትም። ዝም አልኩ።

ጠበቀች። አንድ ቀዝቃዛ ጠዋት ማሞቂያውን በሙሉ ኃይሉ መስታወቱ ላይ ለቀቀችው። ነጥቧ መስመር ሆና እስከ ጠርዝ ሄደች። (ሙሌትን ያለ ኤክሰስ የሚከፍሉ መድኖች አሉ፤ ለምን እንደሆነ አሁን ገብቷችኋል። ይህንኑ በማስታወሻ ጽፌ ለአለቃዬ አቅርቤ ነበር። ጥግ ላይ «ታይቷል» ተብሎበት ተመለሰልኝ።)

የመስታወት ቤቱ ዝርዝር መጣ። መስታወት፣ ማጣበቂያ፣ ፕራይመር፣ የዙሪያ ጎማ፣ የዝናብ ሴንሰር ጄል፣ የእጅ ዋጋ፣ የካሜራ ካሊብሬሽን (ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ መንገዱን የሚያየውን ካሜራ ማስተካከል)። ቀዩን አነሳሁ። ፕራይመር ተሰረዘ፤ መስታወት ይቀየር አልን እንጂ ቀለም ይቀባ አላልንም። የዙሪያ ጎማ ተሰረዘ፤ አሮጌው ይመለስ። ካሊብሬሽን ተሰረዘ። ከጎኑም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የተሰበረው መስታወት እንጂ ካሜራ አይደለም።»

ጽፌ ሳነበው ራሴን ወደድኩት። ለጎረቤት ጠረጴዛም አሳየሁ። ከግርጌ «መኪናዋ በዚያው ቀን ትመለስ» ብዬ ጨመርኩ፤ ለደንበኛዋ ምትክ መኪና የምንከራየው እኛ ነና።

ሌላ ጋራዥ ቢሆን ይደውላል፣ ይጮሃል፣ በመጨረሻ ግማሹን ይቀበላል። ይሄ ሰውዬ ግን በማግስቱ በአካል መጣ። ጠና ያለ ሰው ነው። እጁ ላይ ፌስታል አለ። ሰላም ብሎኝ ተቀመጠ፤ ከፌስታሉ አንድ የተጠማዘዘ ጎማ አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠ።

«ይሄን ነው መልሰህ ግጠመው ያልከኝ?»

ሳብ አደረግኩት። ለሁለት ተበጠሰ። ምንም ሳልናገር የጎማውን መስመር መለስኩ።

ቀጥሎ እንደ ጣት የረዘመ፣ የሚለጠጥ ጥቁር ነገር አወጣ። የተቆረጠ ሙጫ ነው።

«አሮጌው ሙጫ እስከ ላሜራው አይፋቅም፤ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይተዋል። አዲሱ እሱን ነው የሚይዘው። ግን ሲቆረጥ ቢላው ላሜራውን የሚጭርበት ቦታ አይጠፋም። እዚያ ፕራይመር ካልነካ ዝገት ይገባል። ዝገት ላይ ደግሞ ሙጫ አይዝም። ለውበት ብዬማ አልቀባውም፤ ከተገጠመ በኋላ ማን ያየዋል?»

ፕራይመሩም ተመለሰ። ቀስ በቀስ እየተሸነፍኩ መሆኔ ገባኝ። አመመኝ።

«በዚያው ቀን የሚለውስ?» አልኩ፣ ቢያንስ እሷን ለማዳን።

«ይሄ ሙጫ የሚደርቀው አየር ውስጥ ካለው እርጥበት ነው። አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ይዘገያል። ስንት ሰዓት እንደሚቆም ፋብሪካው ጽፎታል። እኔ አልወስነውም። አንተም አትወስነውም።» ትንሽ አሰበና «ከተሳፋሪው ፊት ያለው ኤርባግ ሲፈነዳ ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል?» አለኝ።

«ወደ ተሳፋሪው።»

«በብዙ መኪና መጀመሪያ ወደ ላይ ነው። መስታወቱን ተደግፎ ነው ወደ ሰው የሚዞረው። መስታወቱ ካልያዘ ግን ገፍቶት ይወጣል። ያን ጊዜ ሰውየው ፊት ምንም የለም።»

«በዚያው ቀን» የምትለውን ሰረዝኩ። የራሴን ጽሑፍ በቀይ ስሰርዝ የመጀመሪያዬ ነው።

ካሊብሬሽኑ ላይ ግን ጸናሁ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ወድጃታለሁ፣ ለሰውም አሳይቻለሁ። በዋጋም ብትሉ ከሁሉም ትልቁ መስመር እሱ ነበር።

«ጋሼ፣ ካሜራው እኮ አልተነካም።»

«የሚያየው በምን በኩል ነው? ያንተን መነጽር ቀይሬ ዓይንህን አልነካሁም ብልህ ትስማማለህ?»

ጎረቤት ጠረጴዛ ያለው ልጅ ሳቀ። ትናንት ዓረፍተ ነገሯን ያሳየሁት ያው ልጅ።

ሰውዬው የዋጋ ዝርዝሩን ገለበጠና ከጀርባው ሁለት መስመር ሣለ። ከአንድ ነጥብ ተነስተው እየተራራቁ የሚሄዱ። «ካሜራው 1 ዲግሪ ተዛነፈ በል። 50 ሜትር ላይ ምን ያህል ይስታል?» ሒሳብ የእኔ ሥራ ነው። ካልኩሌተሩን ሳብኩ። 87 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ደግሜ መታሁት። 87።

«ፍሬን ያዝ የሚለው እሱ ነው» አለ። «አጠገብህ ባለው መስመር የሚሄደውን መኪና ፊትህ ነው ያለው ብሎ ያስባል። ወይ ፊትህ ያለውን አጠገብህ ነው ይላል። ለዚህ ነው የተስተካከለ ወለል ላይ አቁመን፣ የጎማውን ንፋስ አይተን፣ ሰሌዳ በልኩ ፊቱ ተክለን የምናስተካክለው። በዓይን አይደረግም።» የአምራቹን መመሪያ አትሞ ይዟል፤ መስታወት ሲቀየር ይደረግ ይላል።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ምን አልኩ መሰላችሁ? «የክፍላችን አሠራር አይፈቅድም» አልኩ።

አልተቆጣም። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ። ቢጮህ እኔም እጮህ ነበር፤ ጩኸት ለምጃለሁ።

«እሺ» አለ። «እሰርዘዋለሁ።» ዝርዝሩ ግርጌ ላይ ቀስ ብሎ ጻፈና ወደ እኔ ገፋው። «ካሜራው አልተስተካከለም። እንዳይስተካከል ያዘዘው መድን ሰጪው ነው» ይላል። ከሥሩ ስም፣ ፊርማ፣ ቀን የሚጻፍበት መስመር አስምሯል።

«እሺ፣ ፈርምልኝ» አለና እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ። ሰማያዊ ነው።

በዚያ ወንበር ላይ ስንት መስመር እንደሰረዝኩ አላውቅም። አንዱም ስር ግን ፈርሜ አላውቅም። ቀይ መስመር ስም የለውም። ማን እንዳሰመረው አይጠየቅም፤ «ክፍሉ» ነው ያሰመረው። አሁን ግን ስሜ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ፊቴ አለ። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

«‹ያዘዘው› የምትለው ትንሽ ከበደች» አልኩ። «‹በስምምነት› ብንለውስ?»

«ከማን ጋር? እኔ አልተስማማሁም፣ ልጄ።»

አለቃዬን ልጠይቅ አልኩ። ጠይቅ፣ እጠብቃለሁ አለ። ተነስቼ ወጣሁ። አለቃዬ ጋ አልሄድኩም። ኮሪደር ላይ ውሃ ጠጣሁ። ደግሜ ጠጣሁ። ስመለስ ሰውዬው እንደተቀመጠ ነው፤ እስክሪብቶው ክዳኑ እንደተከፈተ ወረቀቱ ላይ ተጋድሟል።

ካሊብሬሽኑን መለስኩ። «87 ሳንቲ ሜትሩ አሳመነኝ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ያመነኝ አይመስለኝም። ጎማውንና ሙጫውን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ ፌስታሉን አጣጥፎ ወጣ።

በሳምንቱ ፋይሉ ከአለቃዬ ተመለሰ፤ «ካሊብሬሽን ለምን ተፈቀደ? ከዚህ በፊት አልነበረም» የሚል ማስታወሻ ተለጥፎበታል። አንድ ገጽ አተምኩ። «ከዛሬ ጀምሮ የካሜራ ካሊብሬሽን እንዳይከፈል ወስኛለሁ» ይላል፤ ከሥሩ የአለቃዬ ስም፣ ከስሙ በላይ ባዶ መስመር። ይዤላቸው ገባሁ። ቆመው አነበቡት። ተቀምጠው አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለጊዜው እንደ ሁኔታው እየታየ ይከፈል» አሉ። በቃል። ወረቀቷን ግን መሳቢያቸው ውስጥ አስገቧት።

«ለጊዜው» ይኸው ዓመት አለፈው። አሁን አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የመስታወት ነገር የሚላከው እኔ ጋ ነው። ጥቁሯን ሙጫ ከመሳቢያ አውጥቼ ስለ እርጥበት፣ ስለ ዝገት፣ ስለ ኤርባግ አስረዳለሁ። ሁለቱን መስመር እሥላለሁ። በጥሞና ይሰሙኛል። ኮሪደር ወጥቼ ውሃ የጠጣሁትን አልነግራቸውም።

ደንበኛዋን ረሳኋት። መኪናዋን በማግስቱ ተረከበች። ሰውዬው ምክር ሰጥቷት ነበር፦ ቴፑን ቶሎ አታንሺ፣ ለጥቂት ቀን መኪና ማጠቢያ አትግቢ፣ በር በኃይል አትዝጊ፣ ለአንድ ሌሊት አንዱን መስኮት በጣት ያህል ክፍት ተይው። የተዘጋ መኪና በር ሲወረወርበት ውስጥ ያለው አየር ገና ያልጠነከረውን መስታወት ይገፋዋልና። ልክ ነው። ሁሉንም አደረገች።

ሌሊቱን ዘነበ።

ፎርም ሞልታ መጣች። የጉዳቱ ዓይነት፦ የራሰ ወንበር። መስኮቱን ማን ከፈተው? ራሷ። ለምን? ባለሙያው ስላዘዛት። እንዲህ ያለውን ውሉ እንደማይሸፍን በትህትና አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ፎርሙን ገልብጣ ባዶውን ጀርባ ወደ እኔ አዞረችው።

«እንግዲያው አይከፈልም ብለህ ጻፍና ፈርምልኝ።»

ማን እንዳስተማራት መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጻፍኩ፤ ፈረምኩላት። ወንበር ይደርቃላ።