ከሆሳዕና እስከ ሶዶ፦ ቀይ አፈርና ዝሆኔ

ከሆሳዕና በዶዮገናና በአረካ አድርጌ ወደ ወላይታ ሶዶ የወረድኩት በክረምት ነው። አፈሩን ለማየት ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። ለመንገድ የተቆረጠው ዳገት ቀልቶ ይታያል፣ በየቦዩ ቀይ ጎርፍ ይወርዳል፣ ከእንሰትና ከጎደሬ ማሳ የሚወጣው ሰው እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ለብሷል። ሕዝቡ ዝሆኔ፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉትን የእግር እብጠት ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ከጤና ጣቢያው በፊት ይህን ጭቃ ቢያይ ይጠቅመዋል። በሽታውን የሚያመጣው ትንኝ ወይም ተባይ ሳይሆን አፈሩ ራሱ ነውና።

አፈሩ የጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ በዝናብ ብዛት ለረጅም ዘመን እየፈረሰ የሆነ ደቃቅ ሸክላ ነው። ዝሆኔ በብዛት የሚገኘው ከፍታው ከ1,000 ሜትር፣ የዓመት ዝናቡም ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ በሆነ ምድር፣ ሰው በባዶ እግሩ በሚያርስበት አገር ነው። የካሜሩንና የሩዋንዳ ደጋዎችም በዚሁ ይታወቃሉ። የአፈሩ ቅንጣት በእግር ቆዳ ዘልቆ ከእግር ፈሳሽ ወደ ላይ ወደሚመልሰው ስስ ቧንቧ፣ ወደ ሊምፍ ቧንቧ ይገባል፤ ሰውነት ሊያስወግደው ሲታገል ቧንቧው ይቆጣል፣ ይጠባል፣ ውሎ አድሮም ይደፈናል። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሲሠራ ቅንጣቶቹን በሕመምተኞች የሊምፍ እጢ ውስጥ አገኛቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በሽታውን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች ተርታ ያሰለፈው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እንዲህ መዘግየቱ ያሳዝናል።

አንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው የሚውሉ ሁሉ አይታመሙም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረ መል ጥናት ተጋላጭነቱ በዘር እንደሚወረስ አሳይቷል። ዝሆኔ የወጣበት ቤት ልጅ ለጋብቻ የሚሸሸውም ይህንኑ በዓይን በማየት ይመስለኛል። ነገር ግን የሚወረሰው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም፤ እግሩ አፈር ያልነካው ሰው አይታመምም። አብሮ በመብላት፣ በመተኛት፣ ደሙን በመርገጥም አይተላለፍም። ለጥቂት ቀን የሚሄድ መንገደኛም አይስጋ፤ ጉዳቱ የሚመጣው ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ ነው።

መጀመሪያ ላይ ማታ ማታ ውስጥ እግር ያቃጥላል፣ የእግር ጣቶች አካባቢ ያሳክካል፣ እብጠቱም አድሮ ይጎድላል። በዚህ ጊዜ የተያዘ ሰው ብዙ ይተርፍለታል። ችላ ሲባል እብጠቱ አይመለስም፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ሽበት እንዳወጣ ድንጋይ የሻከሩ እባጮች ያወጣል። ዝሆኔ የሚባል ሌላም የእግር እብጠት አለ፤ እሱ በትንኝ የሚመጣ የቆላ በሽታ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአንድ እግር ያይላል፣ ወደ ብሽሽትና ብልትም ይደርሳል። የአፈሩ ግን ከታች ከእግር ጀምሮ ይወጣል፣ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ከጉልበት በላይ እምብዛም አያልፍም። ሥጋ ደዌ ደግሞ እግርን ያደነዝዛል፤ እዚህ ስሜት አይጠፋም።

ሕክምናው ከጓዳ ዕቃ አያልፍም፤ ሳፋ፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ ቫዝሊን፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ። እግሩ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ የመጀመሪያው ውሃ ወዲያው ይቀላል፣ ተደፍቶ ይቀየራል። ዋናው ሥራ ያለው በየእጥፋቱና በጣቶቹ መሃል ነው፤ ጣት የማይገባበት ቦታ በቀጭን ጨርቅ ይጸዳል። ቀጥሎ እግሩ በጣም የቀጠነ በረኪና ባለበት ውሃ ይዘፈዘፋል። መጠኑን ጤና ባለሙያው ያሳያል፤ "ከበዛ የበለጠ ያጸዳል" ብሎ መጨመር ቆዳውን ይልጠዋል። ከዚያ በደንብ ይደርቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በጣት መሃል የቀረ እርጥበት ፈንገስ ያበቅላል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ባክቴሪያ ይገባል። ቫዝሊኑ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። ፋሻ ለታዘዘለት ከጣት ተጀምሮ ወደ ላይ ይጠመጠማል፤ ከታች ጠበቅ፣ ከላይ ላላ ይላል። ሲቀመጡም እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ነው።

ባክቴሪያ ሲገባ እግሩ ይግላል፣ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይመጣል፣ ሰውየው ለቀናት ይተኛል። ያኔ ፋሻው ይፈታል፣ እግሩ ያርፋል፣ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የምሥራቅ ጎጃም ጥናት 696 ሕመምተኞችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። እንክብካቤው የተጀመረላቸው ሰዎች በአማካይ በዓመት 19.4 ጊዜ፣ ገና ያልተጀመረላቸው 23.9 ጊዜ ተጠቅተዋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በእርሻ ወቅት ለገበሬ ግን ብዙ የሥራ ቀን ነው።

ጫማው ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። ሸበጥና በረባሶ ክፍት ስለሆኑ አፈር ያስገባሉ፤ የሚያስፈልገው የተሸፈነ ጫማ ከካልሲ ጋር ነው። ያበጠ እግር ደግሞ የገበያ ጫማ አይገባውም፤ በልክ ማሰፋት ያስፈልጋል። በሶዶ የዝሆኔ ሕመምተኞችን የሚረዳው የሞሲ ፉት ማኅበር ሕመምተኞቹን ራሳቸውን ጫማ ሰፊ እንዲሆኑ ያሠለጠነው ለዚህ ነው፤ እኔ ከሁሉ የወደድኩት ሥራ ይህ ነው። ይሁን እንጂ ብዙው ገበሬ ጫማውን ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ያስቀምጥና ማሳ ሲገባ ያወልቃል፤ ጭቃው ይይዘዋል፣ ይከብደዋል። አፈሩ የሚጎዳው ግን እዚያው ማሳ ላይ ነው። ለማሳ የሚሆነው የሚታጠብ የፕላስቲክ ጫማ ነው፤ ማታ ማታ ውስጡ ተለቅልቆ መድረቅ አለበት፣ ካልሆነ የገባው አፈር ቀኑን ሙሉ እግሩን ይፍቀዋል። ልጆች ደግሞ ጫማው ይጠብባቸዋል፤ በየዓመቱ ልካቸውን አይቶ መቀየር፣ ትምህርት ቤት ከመግባታቸውም በፊት መጀመር ያስፈልጋል።