ለእግረኛ የተሰጠች አምስት ሰከንድ

ሐሙስ ሐሙስ ሐኪም ቤት የማደርሳቸው አንዲት እናት አሉ። እማማ ነው የምላቸው። ቤታቸው እዚህ ሲያትል፣ ሬይነር አቬኑ አጠገብ ነው። ባለፈው ሐሙስ ስንመለስ ከመንገዱ ማዶ ካለው የሐበሻ ሱቅ ሽሮ መግዛት ፈለጉ። መኪናዬን አቆምኩና ክንዳቸውን ይዤ መብራቱ ጋ ሄድን።

ትንሽ እንደቆምን የእግረኛው ምልክት በራ። መኪኖቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ለእነሱ ገና ቀይ ነው። እማማ ግራ ገባቸው።

«አንተ ልጅ፣ መኪኖቹን ማን ያዛቸው?»

«መብራቱ ነው እማማ። እርስዎ ቀድመው እንዲገቡ ነው።»

«ሰው ያያል እንዴ?»

እንደ ሰው አያይም። ሰዓቱን የሞላለት ባለሙያ ግን አስቦበታል።

እኔ ይህችን እግረኛን የማስቀደም ነገር የምወዳት ሰው ልገጭ ጥቂት ቀርቶኝ ስለነበር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዲሴምበር ውስጥ። እዚህ በዚያ ወቅት አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ይጨልማል። ዝናቡ ያካፋል፣ አስፋልቱ የመብራቱን ቀለም ሁሉ መልሶ ያበራል። አረንጓዴ በራልኝ። ወደ ግራ ለመታጠፍ ፍሬቻ አሳይቼ ከፊት የሚመጡትን መኪኖች ስጠብቅ ክፍተት አገኘሁና መሪውን አዞርኩ። የፊት መስታወቱን በግራ በኩል የያዘው ብረት ሰፊ ነው። ጥቁር ካፖርት የለበሰች ሴት ዜብራው ላይ ስትራመድ ከዚያ ብረት ጀርባ ነበረች። እሷ ስትራመድ እኔም እየታጠፍኩ ስለሆነ ብረቱ አብሯት ሄደ። ያየኋት ልገጫት ጥቂት ሲቀረኝ ነው፤ ፍሬን ረገጥኩ። አልነካኋትም። ኮፈኑን በመዳፏ መታ አድርጋ አለፈች። ተሳፋሪዬም ዝም፣ እኔም ዝም። እሱን አድርሼ ቤቴ ገባሁ። እጄ ሲንቀጠቀጥ አመሸ።

ያን ቀን እሷም በቀይ አልገባችም፣ እኔም በቀይ አልገባሁም። መብራቱ ሁለታችንንም በአንድ ጊዜ ነው «ሂዱ» ያለን። ችግሩ ያ ነው። አሁን እዚያው ቦታ እግረኛው ይቀድማል። ከ3 እስከ 7 ሰከንድ ብቻ። ግን መኪናው አረንጓዴ ሲያገኝ ሰውየው ዜብራው ላይ ገብቷል፣ ፊት ለፊት ይታያል። ብረት አይሸፍነውም።

ይህን ለማድረግ አስፋልት መቆፈር አያስፈልግም። ጥጉ ላይ የቆመችውን የብረት ሳጥን አይታችኋት ይሆናል። የመብራቱ ኮምፒውተር እዚያ ውስጥ ነው። የሚለወጠው በእሱ ላይ የተሞላው ሰዓት ነው። ከተማው ባደረገው ጥናት፣ ይህ በተደረገባቸው ቦታዎች የሚታጠፍ መኪና እግረኛ የሚገጭበት አደጋ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። የአሜሪካ የፌዴራል መንገዶች መሥሪያ ቤት ደግሞ በአጠቃላይ የመኪናና የእግረኛ ግጭት 13 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ለሰከንዶች ይህን ያህል ማትረፍ ብዙ ነው።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር ግን አለ። በዚህ አገር የመሻገሪያ ጊዜ የሚሰላው በተለምዶ ሰው በሰከንድ 3.5 ጫማ ይራመዳል ተብሎ ነው። ከአንድ ሜትር ጥቂት በለጥ ማለት ነው። 15 ሜትር ለሚሆን መንገድ 14 ሰከንድ። እማማን ቆጠርኩላቸው። ከዳር እስከ ዳር 23 ሰከንድ ፈጀባቸው። ቆጠራው ዜሮ ሲል ሁለት እርምጃ ይቀረን ነበር። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው፣ እንዴት ብለው ይሩጡ?

ሲንጋፖር ለዚህ መላ አበጅታለች። ከ2009 ጀምሮ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ካርዳቸውን የመብራቱ ምሰሶ ላይ ካለው ሣጥን ጋር ያስነኩታል። መብራቱ እንደ መንገዱ ስፋት ከ3 እስከ 13 ሰከንድ ይጨምርላቸዋል። እዚህም ቢመጣ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ስለ ጭሱም ልንገራችሁ። ሾፌር ቀኑን ሙሉ የሚያቃጥለው ቤንዚን ቀላል አይደለም፣ ቆሞ መነሳት ደግሞ ብዙ ይበላል። ጉግል ግሪን ላይት የሚባል ሥራ አለው፣ ሲያትልም ካሉበት ከተሞች አንዷ ናት። እኛ ማፕ ከፍተን ስንነዳ የት እንደቆምንና ስንት ጊዜ እንደቆየን ይታወቃል። ያ መረጃ ተሰብስቦ «ይህን መብራት ከሚቀጥለው ጋር እንዲህ ብታስማሙት» የሚል ሐሳብ ለከተማው መሐንዲስ ይቀርባል። እሱ አይቶ ይቀበላል ወይ ይተዋል። በ2023 ይፋ ያደረጉት የመጀመሪያ ውጤት በመስቀለኛ መንገዱ ላይ መቆምን እስከ 30 በመቶ፣ ጭሱን እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል ይላል። ሃይፋና አቡዳቢም ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ፤ እዚያ ያላችሁ ወገኖቼ ሳታውቁት ተጠቅማችሁ ይሆናል። ጭሱን የሚስበው ደግሞ መኪና ውስጥ የተቀመጠው ሰው ብቻ አይደለም። ጥግ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው እግረኛም ነው።

መኪና እንዲፈስ ብቻ ሲታሰብ ግን ነገር ይበላሻል። እዚሁ መርሰር ጎዳና ላይ በ2017 መብራቶቹ እንደ መኪናው ብዛት ራሳቸውን እንዲያስተካክሉ ተደረገ። እግረኞች ወዲያው አጉረመረሙ፣ መጠበቁ ረዘመብን ብለው። እውነታቸውን ነው። ሰው ሲሰለቸው በቀይ ይሻገራል። እኔ ለቤንዚኔ ስል ሌላው ዝናብ ላይ እንዲቆም አልፈልግም።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ አዲስ የተተከሉት መብራቶች ሰከንድ ይቆጥራሉ ብሎ ነገረኝ። እዚያ በመንገድ አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። «እግረኛው ከመኪናው ስንት ሰከንድ ይቀድማል?» አልኩት። አላስተዋለውም ነበር። «ነገ ቆሜ ቆጥሬ እደውልልሃለሁ» አለኝ። ስልኩን እየጠበቅኩ ነው።

ሽሮውን ገዝተን ስንመለስ እማማ ምልክቱ እንደበራ ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አምስት ሲሉ ለመኪኖቹ አረንጓዴ በራ። የመጀመሪያውን መስመር አልፈን ነበር። ሊታጠፍ የመጣ ነጭ መኪና አይቶን ቆመ። እማማም ፌስታሉን እንደያዙ እጃቸውን አነሱለት።