ከቦርከና ጀምሬ ማድ ቤት ገባሁ

ደሴ ውስጥ 9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ሴሚስተር ብክለትና ጤና ላይ አምስት ሳምንት ቆየን። ዕቅዴ ላይ የነበረው ሁለት ነበር። ለምን እንደተንዛዛ ልንገራችሁ፣ ለምታስተምሩ ይጠቅም ይሆናል።

የመጀመሪያው ሳምንት ከሸፈብኝ። እ.ኤ.አ. በ1952 ለአምስት ቀን ለንደን ላይ ተኝቶ ሺዎችን የገደለውን የድንጋይ ከሰል ጭስ ተረክሁ። የጃፓኗን ሚናማታም ጨመርኩ፤ ሜርኩሪ ከፋብሪካ ወደ ባሕር፣ ከባሕር ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ሰው ነርቭ። ልጆቹ በጨዋነት ጻፉ። ከኋላ አንዱ ተኝቷል።

በሁለተኛው ሳምንት ቦርከና ወንዝ ወረድን። ደሴ ቆሻሻዋን ትሰጠዋለች፣ ኮምቦልቻ የራሷን ትጨምርበታለች፣ እሱ ደግሞ ይዞት ወደ አዋሽ ይሄዳል። እዚህ ላይ ክፍሉ ነቃ። ፌስታሉ፣ ዳይፐሩ፣ የመኪና እጥበቱ፣ ሁሉም ተናጋሪ ሆነ። ግን "ማን ነው የበከለው?" ስል መልሱ ሁልጊዜ "እነሱ" ነው። ፋብሪካው፣ ማዘጋጃው፣ የላይ ሰፈር ሰው። ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ልጁ ከመውቀስ ሌላ የሚያደርገው ነገር አላገኘም።

ስለዚህ ወደየቤታቸው ላኳቸው። እያንዳንዱ ቡድን ነጭ ካርቶን ላይ ቫዝሊን በስሱ ቀብቶ ለሦስት ቀን ሰቀለ። አንዱ ክፍላችን መስኮት ላይ፣ አንዱ መናኸሪያ አካባቢ፣ አንዱ ኮረኮንች መንገድ ዳር፣ አንዱ እንጀራ የሚጋገርበት ማድ ቤት። (ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። የአንዱን ቡድን ፍየል በልታዋለች፤ ቫዝሊኑ ይሆን የጣማት?)

ውጤቱ ጉድ ሠራኝ። የኮረኮንቹ ካርቶን ቡናማ ሆኖ መጣ። የማድ ቤቱ ስስ ግራጫ ብቻ። ልጆቹም ወዲያው ደመደሙ፦ መንገድ ይብሳል፣ ማድ ቤት ደህና ነው። በገዛ እጄ የተሳሳተ ነገር አስተማርኩ ማለት ነው። ካርቶኑ የሚይዘው በዓይን የሚታየውን ትልልቅ አቧራ ነው፤ ዋናው ጠላት ደግሞ አይታይም።

ያወጣኝ ወንፊት ነው። በማግስቱ ከቤት ወንፊትና በቅጡ ያልተፈጨ ዱቄት ይዤ ገባሁ። ነፋሁት። ሻካራው ከላይ ቀረ፣ የላመው አለፈ። አፍንጫችንም እንዲሁ ነው አልኳቸው፤ ፀጉርና ንፍጥ ያለው ወንፊት። የመንገድ አቧራ አብዛኛው እዚያ ይያዛል፣ እናስነጥሰዋለን። የጭስ ብናኝ ግን አብዛኛው ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች ነው። የራስ ፀጉር ሠላሳ እጥፍ ያህል ይወፍረዋል። ወንፊቱን አልፎ የሳንባን የአየር ከረጢቶች ይደርሳል፣ በጣም የደቀቀው ደም ውስጥ ይገባል። ጭስ ሳል ብቻ ሳይሆን የልብ በሽታና ስትሮክ የሚያመጣውም ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ጭስ ያለበት ቤት የሚያድግ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከሴቶቹ ልጆች ብዙዎቹ እሳት የሚያነዱት ታናሻቸውን አዝለው ነው።

ከዚያ አንዷ እጇን አወጣች። እናቷ እንጀራ ጋግራ ነው የምታሳድጋት። "ቲቸር፣ እና እናቴ ምን ታድርግ? መጋገሩን ትተው?"

መልስ አልነበረኝም። ለካ እኔም "እነሱ" እያልኩ ነበር፤ በፋብሪካው ፈንታ እናቶችን አስቀምጬ።

የቤት ሥራውን ቀየርኩት። የማን ጥፋት እንደሆነ አይጻፍም። ጭሱ በየት ይወጣል? አጠገቡ ማን ይቀመጣል? ስንት ሰዓት? እናቶቻቸውን ጠይቀው መጡ፤ እናቶቹ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። እርጥብ ኩበትና የባህር ዛፍ ቅጠል እንደሚብስ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤትም መብራት ሲጠፋ ወደ ጭራሮ እንደሚመለስ ነገሯቸው። ልጆቹም የሚቻለውን ለዩ፦ እንጨቱን ቀድሞ ማድረቅ፣ ከጣሪያው ሥር ጭስ መውጫ መተው፣ ሕፃኑን ማራቅ፣ ገንዘብ ሲኖር ዙሪያው የተዘጋውን ምርጥ ምድጃ መግዛት። አንዱ ማንንም ሳያማክር ከማድ ቤቱ አንድ ቆርቆሮ ነቀለ። ማታውኑ ዘነበ። አባቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ፤ ይቅርታ ጠይቄ ሸኘኋቸው።

አምስተኛው ሳምንት የከሰል ሆነ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሐምሌ ላይ ምድጃ መኝታ ቤት የማያስገባ ጥቂት ነው። "ከቀላ በኋላ ከገባ ችግር የለውም" አሉኝ፣ በሙሉ ልብ። አለው። የቀላ ከሰልም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። በወንበር ተጫወትነው። ወንበሮቹ ሄሞግሎቢን ናቸው፤ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው። ኦክስጅን የሆነው ልጅ ተቀምጦ ይነሳል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሆነው ግን ከተቀመጠ በቀላሉ አይነሳም፤ ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ነው የሚይዘው። አምስት ልጅ ብቻ ካርቦን ሞኖክሳይድ አድርጌ መድቤ ብዙም ሳንቆይ ኦክስጅኖቹ መቀመጫ አጡ። ምልክቱንም ያዙልኝ፦ ቤተሰቡን በሙሉ አንድ ላይ ራስ ምታት ከያዘው፣ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ከሰሉን ጠርጥሩ። ከሞከርኩት ሁሉ የምደግመው ይህን ነው።

ልንጨርስ ስንል ከኋላ ድምፅ መጣ። "ቲቸር፣ ዕጣንም ጭስ ነው አይደል?" በመጀመሪያው ሳምንት የተኛው ልጅ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወሎ ላይ ቆሞ ዕጣን የሚነካ ሰው ወዮለት! ጭስ ጭስ ነው አልኩ፤ ቢያንስ መስኮት ይከፈት።

እሑድ እናቴ ቡና ስታፈላ ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩት። "ምነው፣ ዕጣኔን ለጎረቤት ልታድለው ነው?" አለችኝ። ወንፊቱንም ሳንባውንም አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። እስከ ቶና ድረስ ተከፍቶ ቆየ። ለበረካው በረዳትና ዘጋችው።