የሜምፊሷ ባንኮኒ

ሜምፊስ ሄጄ ነበር ስል ሰው ሁሉ "ኤልቪስ ቤት ገባህ?" ነው የሚለኝ። አልገባሁም። የኔ ጉዳይ ስታክስ ነበር፣ እነ ኦቲስ ሬዲንግና አይዛክ ሄይስ፣ የሶል ሙዚቃ ዘፋኞቹ፣ የተቀረጹበት ስቱዲዮ። ከናሽቪል በአይ-40 ሶስት ሰአት ገደማ ነው፣ የነዳው ጓደኛዬ ነው፣ ስራው ትራክ ስለሆነ ሜምፊስን የሚያውቃት በመጋዘንና በፌዴክስ ብቻ ነው፣ መንገዱን ሙሉ "ዩትዩብ ላይ ያለ ነገር ሙዚየም ድረስ ምን አስኬደን" ሲለኝ ደረስን።

926 ኢስት ማክሌሞር ጎዳና። ሰፈሩ ጭር ያለ ነው፣ ትናንሽ ቤቶች፣ ቤተክርስቲያን፣ ሳር የዋጠው ባዶ መሬት፣ ከዛ ድንገት የድሮ ሲኒማ ቤት መልክ ያለው ህንጻ፣ ግንባሩ ላይ "ሶልስቪል ዩኤስኤ" ተጽፎበታል። ዲትሮይት ያሉት ሞታውኖች፣ ተፎካካሪው ሸክላ አሳታሚ፣ ቤታቸውን ሂትስቪል (የሂት ከተማ) ስላሉት እነዚህ ደሞ በዚህ፣ የሶል ከተማ ብለው፣ መልስ ሰጡ። ህንጻው ግን ዋናው አይደለም፣ ዋናው 1989 ላይ ፈርሷል፣ ቦታው አመታት ባዶውን ከርሞ ነው 2003 ላይ ሙዚየሙ የድሮውን አስመስሎ ተሰርቶ የተከፈተው። ጓደኛዬ ይሄን ሲሰማ "እና ፎርጂድ ልታሳየኝ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ ያስነዳኸኝ?" አለ። እውነቱን ነው፣ ግን ለዋናው መፍረስ ጥፋቱ የኔ አይደለማ።

ውስጥ መጀመሪያ የሚቀበልህ ቤተክርስቲያን ነው፣ ከሚሲሲፒ ገጠር ያመጡት መቶ አመት ያለፈው የእንጨት ቤተክርስቲያን ሙዚየሙ ውስጥ ተተክሏል፣ ሶል ሙዚቃ ከየት እንደመጣ ለማሳየት ነው። ጓደኛዬ ኮፍያውን አወለቀ። ከዛ ብዙ ክፍል አለ፣ ልብስ፣ ሸክላ፣ ፎቶ፣ ጌጧ በወርቅ የተለበጠ የአይዛክ ሄይስ ካዲላክ መኪናም አለች፣ ምንጣፏ ጸጉራም፣ ውስጧ ቲቪና ፍሪጅ፣ ሰው ሁሉ ሰልፊ የሚነሳው እሷ ጋ ነው። ጓደኛዬም ተነሳ።

እኔን የያዘኝ ግን የቀረጻው ክፍል ነው። ወለሉ ቁልቁለት ነው። ሲኒማ ቤት ስለነበር ወንበሩን ነቅለው ወለሉን ሳያስተካክሉ ትተውት፣ ስክሪኑ የነበረበት መድረክ ላይ ደሞ መቆጣጠሪያ ክፍሉን ሰርተው፣ ሙዚቀኞቹ ታች፣ ቀራጩ ላይ። ሙዚየሙን ሲሰሩም ቁልቁለቱን እንዳለ ደግመውታል፣ ድራም አጠገብ ቆመህ እግርህ ይሰማሃል። የዛ ስቱዲዮ ድምጽ ሰፊና ወፈር ያለ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ አላወቅሁም ግን ደስ የሚል አባባል ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ። ጂም ስቱዋርት ቀን ቀን ባንክ የሚሰራ፣ ማታ ካንትሪ ሙዚቃ ላይ ቫዮሊን የሚጫወት ነጭ ነው፣ 1957 ላይ ሳተላይት የሚባል ትንሽ የሸክላ አሳታሚ አቋቋመ። ገንዘብ የለውም። እህቱ ኤስቴል አክስተን፣ በአስራ ምናምን አመት የምትበልጠው፣ አስተማሪ የነበረች ልጆች ያሳደገች ሴትዮ፣ ባሏን አሳምና ቤታቸውን አስይዛ 2,500 ዶላር አወጣችለትና አምፔክስ የሚባለውን መቅረጫ ገዙ። ስታክስ የሚለው ስምም በኋላ ከስቱዋርትና ከአክስተን (የባሏ ስም ነው) የመጀመሪያ ሁለት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ተወስዶ የተገጣጠመ ነው። እስቲ አስቡት፣ እናንተ ታናሽ ወንድማችሁ ዘፈን ልቀርጽ ነው ብሎ ቢመጣ ቤት ታስይዛላችሁ?

ሲኒማ ቤቱን 1960 ላይ ሲከራዩ እሷ ከረሜላ ይሸጥበት የነበረውን ቦታ ሙዚቃ ቤት አደረገችው። ለኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ ሚስጥር ያለው እዛ ባንኮኒ ላይ ነው። የሰፈሩ ልጆች ገብተው ሸክላ ሲያሰሙ ይውላሉ፣ እሷ የትኛው እንደሚሸጥና ለምን እንደወደዱት ትጠይቃለች፣ የሰማችውን ይዛ ስቱዲዮ ላሉት ዘፈን ጸሀፊዎች ትነግራለች፣ አዲስ የተቀረጸውን ደሞ ሳይታተም ለነዛው ልጆች ታሰማለች። ከግድግዳው ባሻገር ዘፈን ይሰራል፣ ከግድግዳው በዚህ በኩል አድማጩ ቆሟል። ዛሬ ዳታ ምናምን የሚሉት ነገር በቃ ይሄው ነው።

እና ሰዎቹ በዛች በር ነው የገቡት። ጊታሪስቱ ስቲቭ ክሮፐር ሱቁ ውስጥ ተቀጥሮ ይሰራ ነበር። ዴቪድ ፖርተር መንገዱን ተሻግሮ ካለው ግሮሰሪ እቃ እያሸገ ነው የመጣው፣ በኋላ ከአይዛክ ሄይስ ጋር ስንት ሂት ጻፈ። ቡከር ቲ ጆንስ የሰፈሩ ልጅ ነው፣ ገና ተማሪ ሆኖ ሳክስፎን ሊነፋ ገብቶ ኦርጋን ላይ ቀረ፣ 1962 ላይ ግሪን ኦንየንስ የሚባለው ታዋቂ ሙዚቃቸው ሲቀረጽ 17 አመቱ ነበር፣ ሙዚቃውም ለሌላ ቀረጻ ተሰብስበው ስራ ፈተው ሲነካኩ የመጣ ነው። ኦቲስ ሬዲንግ ደሞ በዛው አመት ከጆርጂያ አንድ ጊታሪስት በመኪና ይዞ መጣ፣ ሾፌርና እቃ ተሸካሚ ነበር ማለት ይቻላል፣ የጊታሪስቱ ቀረጻ አልሆን ሲል በተረፈችው ሰአት "እኔም ትንሽ ልዝፈን" አለ። ጓደኛዬ እዚህ ጋ "ሾፌር ነበር?" ብሎ ጽሁፉን ሁለቴ አነበበው።

ያኔ ሜምፊስ ጥቁርና ነጭ አንድ ምግብ ቤት አብረው አይቀመጡም ነበር። የስቱዲዮው ቋሚ ባንድ፣ እነ ቡከር ቲና ክሮፐር፣ ደክ ደን ቤዝ ጊታር ላይ ከመጣ በኋላ፣ ሁለት ጥቁር ሁለት ነጭ። አብረው ቁጭ ብለው ዘፈን የሚጽፉበት ቦታ ሲያጡ ሎሬይን ሞቴል ነበር የሚሄዱት፣ የጥቁሮች ሞቴል ነው፣ ነጮቹንም ያስገባል። ማርቲን ሉተር ኪንግ 1968 ላይ የተገደለው እዛው ሞቴል በረንዳ ላይ ነው። ሙዚየሙ "ቤተሰብ ነበርን" የሚለውን ያበዛዋል፣ እኔ ግን ባለቤቶቹ ነጭ እንደነበሩ ሳልረሳ ነው የሰማሁት፣ ከግድያው በኋላም ያ ፍቅር እንደድሮው እንዳልሆነ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ተናግረዋል።

ያ ዘመን መከራው የተደራረበበት ነው። ኦቲስ ታህሳስ 1967 በአውሮፕላን አደጋ በ26 አመቱ ሞተ። ወዲያው ደሞ ጂም ሸክላቸውን ከሚያከፋፍልላቸው ትልቅ ኩባንያ ከአትላንቲክ ጋር የፈረመውን የ1965 ውል ሲያዩት እስከዛ ያከፋፈሉላቸው ቀረጻ ሁሉ፣ ማስተሩ ማለትም ዋናው ቅጂ፣ የአትላንቲክ ሆኖ ተገኘ። ሳያነበው ነው የፈረመው። ባንክ የሚሰራ ሰው! አል ቤል የሚባል ጥቁር ስራ አስኪያጅ ነው ከዜሮ ያስነሳቸው፣ 1972 ሎስ አንጀለስ ስታዲየም ላይ በ1 ዶላር መግቢያ ከመቶ ሺህ ሰው በላይ ሰብስበው ኮንሰርት እስኪያሳዩ ደረሱ፣ ግን 1975 መጨረሻ ላይ ኪሳራ ገብተው ተዘጋ። ኤስቴል ቀድማ 1969 ላይ ወጥታለች።

ሲርበን ፎር ዌይ የሚባለው ምግብ ቤት ሄድን፣ ከ1946 ጀምሮ ያለ ነው፣ የስታክስ ሰዎችም ኪንግም በልተውበታል። አምባዛ ጥብስና ጎመን አዘዝን፣ ጓደኛዬ ጎመኑ የአሳማ ስጋ እንደሌለበት ሶስቴ አስምሎ ነው የበላው፣ ቆጮ ቢኖር ብሎም ተመኘ።

ስንመለስ እኔ ስለ አምሃ እሸቴ ነበር የማወራው። እሱም አዲስ አበባ ላይ ሙዚቃ ቤት ነው የጀመረው፣ ሸክላ ማሳተም ለአንድ ማህበር ብቻ በተፈቀደበት ዘመን 1969 ላይ (በፈረንጅ) በራሱ አምሃ ሪከርድስን ከፈተ፣ አለማየሁ እሸቴን የመሰለ ሰው በሸክላ ያወጣው እሱ ነው። ኤስቴል በወጣችበት አመት መሆኑ አጋጣሚ ነው፣ ሁለቱም ግን ሱቅ ውስጥ ቆመው የገዢውን ፊት ያዩ ሰዎች ናቸው። ጓደኛዬ "አለማየሁ ከጄምስ ብራውን እንጂ ከኦቲስ ምን አለው" አለ፣ እኔ ደሞ ለስላሳዎቹን ዘፈኖች ስማቸው አልኩት፣ ስልኬን ነጥቆ እሱ ከፈተ፣ እኔ ቀየርኩት፣ ጃክሰን ከተማን እስክናልፍ ድረስ አልተስማማንም።