ሞዴሉ ጠዋትን አያውቅም ነበር

ናፍጣ የጠፋ ሰሞን ሰፈራችን ያለው ወፍጮ ቤት ይዘጋል። እናቴ ጤፏን ተሸክማ ሄዳ፣ ሳታስፈጭ ተሸክማ የተመለሰችበት ቀን ከዓይኔ አልጠፋም። ለማስተርስ ጥናቴ ርዕስ ስፈልግ መጀመሪያ የመጣልኝም እሱ ነው። የወፍጮ ሞተር ከናፍጣው የተወሰነውን በሃይድሮጅን ቢተካስ? ሃይድሮጅኑ ስንት እንደሚገባ ደግሞ ማሽን ለርኒንግ፣ ማለትም ከዳታ የሚማር የኮምፒውተር ሞዴል፣ ቢወስንስ?

ሥራውን የሠራሁት ኮምቦልቻ ነው። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ወሎ ውስጥ እህል ሲፈጭና ውኃ ሲስብ የምታውቁት ዓይነት ነው። ናፍጣውን የሚረጨውን ፖምፓ አልነካነውም። የጨመርነው በአየር መግቢያው ላይ በኤሌክትሪክ የሚከፈት አንድ ኢንጀክተር ብቻ ነው። ሃይድሮጅን ሲገባ ሞተሩ ሊፈጥን ይላል። ያኔ ጎቨርነሩ፣ የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ፍጥነቱን ለመጠበቅ ናፍጣውን ይቀንሳል። የመጀመሪያ ቀን ይህን ሳይ ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ናፍጣው ጨርሶ አይቀርም። ሃይድሮጅን ተጨምቆ ብቻ በራሱ እንዲነድ 585 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈልጋል። ናፍጣ ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ይያዛል። ስለዚህ ናፍጣው ክብሪት ነው፣ ሃይድሮጅኑ ማገዶ። ማገዶው ግን ቁጡ ነው። አየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ድረስ በየትኛውም መጠን ቢደባለቅ ይቀጣጠላል፤ እሳቱም ከቤንዚን በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ካርቦን ስለሌለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አያወጣም። ነገር ግን ሙቀቱ ሲበዛ የአየሩ ናይትሮጅን ራሱ ይቃጠልና ሌላ ብክለት ይመጣል። ቁጥጥር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ዙር ሲዞር አንድ ሙሉ ዑደት (ሁለት ዙር) 80 ሚሊሰከንድ ነው። ውሳኔው በዚያች ጊዜ ውስጥ ማለቅ አለበት።

በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲና በጀርመን የአኽን ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ቁጥጥር በሞተር ላይ ሞክረውታል። የነርቭ ኔትወርክ የሚባለው ከዳታ የተማረ ሞዴል የሚቀጥለውን ዑደት ይተነብያል፤ ተቆጣጣሪው በትንበያው ላይ ተመሥርቶ ይመርጣል። እኔም መጀመሪያ ያንኑ ኤልኤስቲኤም የሚባል፣ ያለፈውን እያስታወሰ የሚተነብይ ኔትወርክ በትልቁ ገንብቼ ጀመርኩ። ለነበረኝ ጥቂት ዳታ ግን ኔትወርኩ በጣም ትልቅ ሆነብኝ። ዳታው ያነሰው ጋዙ ስላነሰ ነው። 50 ሊትር የሚይዝ የጋዝ ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት ቢሞላ ውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ሁለት ሰው የሚሸከመው ብረት፣ ግማሽ ኪሎ ጋዝ! ያችን በስስት ነበር የምንጠቀማት። ኔትወርኩን አሳንሼ ሁለት ቀጭን ንብርብር ብቻ አስቀረሁ፤ ሥራውም አልተበላሸም።

ከኢንተርኔት ያወረድኩት የሌላ አገር ሞተር ዳታም ብዙ አልረዳኝም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ ደግሞ ይብስበታል። አየር ሲሳሳ ናፍጣው ለመያዝ ይዘገያል፣ እሱ ከዘገየ ሁሉም ነገር ይዛነፋል። የራሳችን ሞተር በራሳችን አየር ላይ የሰጠን ጥቂት ሰዓት ከዚያ ሁሉ ፋይል በለጠብኝ።

አሁን ወደ ዋናው ስህተቴ ልምጣ።

የሞዴሉ ውጤት መጀመሪያ ላይ በጣም ያማረ ነበር። ዑደቶቹን ቀላቅዬ ከፊሉን ለማሠልጠኛ፣ ከፊሉን ለመፈተኛ ስለከፈልኩ ነው። አንዱ ዑደት ከሚቀጥለው ጋር መንትያ ነው ማለት ይቻላል። ፈተናውን ከነመልሱ ሰጥቼው ነበር። በኋላ በቀን ከፈልኩት፤ ሰኞና ማክሰኞ ተምሮ ረቡዕ ይፈተን አልኩ። ውጤቱ ወረደ፤ እውነተኛው ግን እሱ ነበር።

ይህም አላዳነኝም። ላቦራቶሪው ጠዋት በተማሪዎች ስለሚያዝ እኔ የምሠራው ሁልጊዜ ከ8 ሰዓት በኋላ ነበር። ሞተሩ ሁልጊዜ ሙቅ ነው። የማቀዝቀዣው ውኃ ሙቀት በዳታው ውስጥ እምብዛም አይለዋወጥም። ግብዓት ስመርጥ «ይህ ምንም አይጠቅምም» ብዬ አወጣሁት።

አንድ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታው ባዶ ሆኖ አገኘነው። ሞተሩን አስነሳን፣ ብዙም ሳይሞቅ ለሞዴሉ አስረከብኩት። ዎርክሾፑን የሚመሩት ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የወፍጮ ሞተር ሲያስነሱ የኖሩ ሰው ናቸው። እጃቸውን ማርሚታው አጠገብ ዘርግተው ቆመው ነበር። ድንገት ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ድምፁ ልክ አይደለም። ዝጋው።»

ስክሪኑን አየሁ። ሞዴሉ ሁሉም ደህና ነው ይላል። «ትንሽ እንይ ጋሼ» አልኳቸው። ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ወደ ጠንካራ መንኳኳት ተለወጠ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። በእጄ ዘጋሁት፤ ግን የሲሊንደሩን ግፊት የሚለካው ሴንሰር ሞቶ ነበር። ምትኩ እስኪመጣ አራት ወር ጠበቅን።

የሆነው ይህ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ናፍጣው ለመያዝ ይዘገያል። ሃይድሮጅኑ ከአየር ጋር ተደባልቆ ይጠብቃል፣ ክብሪቱ ሲመጣ አንዴ ቦግ ይላል። ሞዴሉ የተማረው የከሰዓቱን ሞተር ብቻ ነው። እኔም የጠዋቱን ሞተር ሊነግረው የሚችለውን ብቸኛ ቁጥር ቀድሜ አውጥቼበታለሁ። በዳታው ውስጥ የማይለዋወጥ ነገር አይጠቅምም ማለት እንዳልሆነ፣ እኔ ሲለዋወጥ አላየሁትም ማለት ብቻ እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

«አብሽር፣ ሰው ደህና ነው» አሉኝ ጋሼ። ቡናም ጋበዙኝ። እኔ ግን እንባዬ መጥቶ ነበር።

በእነዚያ አራት ወራት ለሞዴሉ አጥር ሠራሁለት። ምንም የማይማር፣ ከሞዴሉ የተለየ ትንሽ መቆጣጠሪያ ነው። ውኃው 60 ዲግሪ ሳይደርስ ሃይድሮጅን አይከፍትም። የሞተሩ ዘንግ (ክራንክ) አንድ ዲግሪ ሲዞር የሲሊንደሩ ግፊት ከ8 ባር በላይ ከዘለለ ሞዴሉን ሳይጠይቅ ይዘጋል። ዋናው ቫልቭ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብቻ የሚከፈት ነው፤ መብራት ሲሄድ ስፕሪንጉ ራሱ ይዘጋዋል። መብራት ደግሞ በሙከራ መሃል ሁለቴ ሄዶብን ሁለቴም ተዘግቷል። ሃይድሮጅን ቀላል ስለሆነ ጣሪያ ሥር ይጠራቀማል፤ ስለዚህ የላይኛዎቹን መስኮቶች ሳንከፍት፣ የጋዝ ማንቂያውንም ጣሪያው ላይ ሳንሰቅል የጋዝ ሲሊንደር አልነካንም። ይህን ከመጀመሪያው ቀን አድርገነዋል፣ እናንተም አድርጉት።

ወፍጮ ቤቶች ነገ በሃይድሮጅን ይሠራሉ አልልም። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውኃ ለማውጣት 50 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይጠይቃል፤ ያ ለባለ ወፍጮው አሁን አያዋጣውም። ቁጥጥሩ ግን እዚሁ፣ በዚሁ ሞተር ላይ እንደሚቻል አይቻለሁ።

አዲሱ ሴንሰር ከመጣ በኋላ የጠዋት ዳታ ሰበሰብን። ጋሼ ሞተሩ አጠገብ ወንበር አስቀምጠው፣ ድምፁ በተለወጠ ቁጥር እጃቸውን ያነሳሉ፤ እኔ ሰዓቱን እመዘግባለሁ። አሁን በዳታዬ ውስጥ «የጋሼ እጅ» የሚል አምድ አለ።