ከዜሮ በታች የሚሰራ ጉበት

ሰሞኑን ስለ ዋልታ አሣዎች ጉበት እያነበብኩ ነው፣ ለሰው ሳልናገር መቀመጥ አልቻልኩም። አንታርክቲካ ያለው ባህር እስከ -1.9 ዲግሪ ይወርዳል፣ ጨው ስላለው ነው ቶሎ የማይረጋው፣ አሣው ደግሞ የሰውነቱ ሙቀት የውሃው ሙቀት ነው፣ ስለዚህ ጉበቱ መርዝ የሚያጣራው ከዜሮ በታች ሆኖ ነው ማለት ነው! ኢንዛይም (ሰውነት ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ ስራ የሚያፋጥነው ፕሮቲን) ሲቀዘቅዝ ስራው ይንቀራፈፋል። የነሱ ኢንዛይሞች ግን ብዙዎቹ ላላ ያሉ፣ ቶሎ የሚተጣጠፉ ናቸው፣ በዛው ልክ ሙቀት አይችሉም።

መርዝ የማጣራቱ ስራ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሳይቶክሮም ፒ450 የሚባሉት ኢንዛይሞች መርዙ ላይ ኦክስጅን ይለጥፉበታል። እዚች ጋ ነው ጉዱ፣ ቤንዞፓይሪን የሚባለው ጭስና ድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ ያለው መርዝ በዚህ ሰዓት ከበፊቱ ይብስበታል፣ ዲኤንኤ ላይ መጣበቅ ይጀምራል፣ ስለዚህ ሁለተኛዎቹ ኢንዛይሞች እነ ግሉታታዮን ትራንስፈሬዝ ፈጥነው ደርሰው በውሃ የሚሟሟ ነገር አድርገው ወደ ሐሞት መሸኘት አለባቸው። ባህር ዳር ጣና ዳር አሣ የሚያፀዱ ልጆችን አይታችሁ ከሆነ ቢላው ጉበቱ ጋ ሲደርስ እጃቸው ቀስ ይላል፣ ያቺ አረንጓዴ ሐሞት ከፈነዳች ስጋው ይመራላ። ተመራማሪዎችም አሣው ነዳጅ ነክቶት እንደሆነ ለማወቅ የሚመረምሩት ይችኑ ሐሞት ነው።

ሁሉም ግን ታጥቦ አይወጣም። ዲዲቲን የጎጃም ቆላ ሰው በደንብ ያውቀዋል፣ ለወባ ተብሎ ግድግዳ ላይ ይረጭ የነበረው። ሙቀት አገር ይተንና በነፋስ ሄዶ ቅዝቃዜ ሲያገኝ ያርፋል፣ በ1960ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) ማንም ረጭቶበት የማያውቀው አንታርክቲካ ውስጥ ፔንግዊን ላይ ተገኝቷል። አሣው ጋ ሲገባ ስብ ውስጥ ይደበቃል።

አርክቲክ ያለው ፖላር ኮድ የሚባለው አሣ ደግሞ ስቡን የሚያከማቸው እዛው ጉበቱ ላይ ነው። ምግብ ሲያጣ ስቡ ይቀልጣል፣ የተደበቀው መርዝም ይለቀቃል፣ አሣው አቅም ባጣበት ሰዓት ማለት ነው። ለዚህ ነው በሞቀ ውሃ፣ በጠገበ አሣ ላይ የተለካን የመርዝ ልክ ወስዶ ለዋልታ አሣም ይሰራል ማለት ልክ አይደለም የምለው፣ በቅዝቃዜውም በረሃቡም ጊዜ ለብቻው መለካት አለበት።